የፊልሟ እናት

በወንድሜ መቅናት የጀመርሁት እሱ ገና ጡት ሳይጥል ነው። ሰው ቅናት ሲባል የባልና የሚስት ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። እኔ በዚያ በኩል ብዙ አልተቸገርሁም፤ ያለኝን ቅናት ሁሉ የጨረሰብኝ ወንድሜ ነው። እናታችን ሥጋውን ወደ እሱ ትገፋለች፣ መረቁን ወደ እኔ። እሱን ሲያስለው አጠገቡ ቁጭ ብላ ታድራለች፤ እኔን ሲያስለኝ «ውኃ ጠጭበት» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አባታችን ከሞተ በኋላማ ጭራሽ የዓይኗ ብሌን ሆነ። እኔ ትምህርቴን አቋርጬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ገባሁ፤ እሱ በእኔ ደመወዝ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰ፤ ሰፈሩ ጎበዝ ያለው ግን እሱን ነው።

የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ የሚበዛበት ግቢ ውስጥ ነበር። ጎረቤቶቻችን ከሐረርም ከወሎም ከሸዋም በሥራ ምክንያት የመጡ ናቸው፤ እኛም ከገጠር የገባነው ልጅ ሆነን ነው። ስለዚህ ወንድሜ ሲወለድ ያየ፣ እናቴን አራስ ሆና የጠየቀ አንድም ሰው በግቢው አልነበረም። ይኼ ነገር በኋላ ጣጣ አመጣብን።

በቤታችን አንድ የማይታለፍ ሥርዓት ነበር። እዚሁ ቅርባችን ወንዛዬ ፍል ውኃ ደርሶ ለመመለስ «በሰላም ግቢ» ይበቃል። አገር አቋርጦ የሚሄድ ሰው ግን ተንበርክኮ የእናቴን ጉልበት ይስማል፣ እሷም እጇን ራሱ ላይ አድርጋ ትመርቀዋለች፣ መጨረሻ ላይ እንትፍ እንትፍ ትልበታለች። ይህ ሳይሆን የወጣ ሰው እንደ ወጣ አይቆጠርም፤ እንደ ኮበለለ ነው የሚቆጠረው።

ወንድሜ ለተዋጊ አውሮፕላን አብራሪነት ተፈትኖ አለፈ። ዓይኑን አዩት፣ ልቡን አዳመጡት፣ ጥርሱን ሳይቀር ቆጠሩት፣ እንከን አጡለት። ግቢው ሊፈነዳ ደረሰ። እናቴ ብቻ ፊቷን አጠቆረች። ጦርነቱ ከሰሜን የሚያመጣውን ወሬ በየቀኑ ትሰማለች። የሚሄድበት ጠዋት መጥቶ ሲንበረከክ ጉልበቷን በነጠላዋ ሸፈነችና «እኔ ልጅ የወለድሁት ምድር ላይ ነው። ሰማይ ለሰማይ አልከተልህም» አለችው። ሻንጣውን ይዤ አውቶቡስ ተራ የሸኘሁት እኔ ነኝ። አውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አዘንሁለት፤ ግን እውነቱን ለመናገር በልቤ «ይኼን እንኳ ለእኔ አስቀረችልኝ» ብዬ ነበር።

ዓመት ሳይሞላው የእኔም ተራ መጣ። ፋብሪካው አዲስ የፈትል ማሽን ሊያስገባ ስለሆነ ጥቂት ሠራተኞች ለሥልጠና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ይላካሉ ተባለ፤ ከሴቶች እኔ ተመረጥሁ። የሮጥሁት ወደ ቤት ነው። እናቴ ምስር ትለቅማለች፤ ቀና እንኳ አላለችም። «መጀመሪያ ወንድምሽ ይምጣ። እሱ ሳይመረቅ ቀርቶ አንችን መርቄ ብሰድ እግዜር ምን ይለኛል?» አለችኝ። የክፍሉን ኃላፊ ለምኜ ስሜን ወደ ቀጣዩ ዙር አስተላለፍሁ። ተመልከቱ እንግዲህ፤ መሄዴም በእሱ ዕረፍት ላይ ተንጠለጠለ።

በዚህ መሃል ነው ፊልሙ የመጣው። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ራሱ በራችን ድረስ መጥቶ «እናት፣ ልጅዎ ፊልም ውስጥ አለ» አላት። ስለ አብራሪዎች ሥልጠና የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ እሑድ ከሰዓት በፋብሪካው አዳራሽ ይታያል። እናቴ ለጥምቀት ብቻ የምታወጣውን ቀሚስ አወጣች። እኔም ፀጉሬን ተሠራሁ። የአዳራሹን መስኮቶች በጨርቅ ጋርደው፣ ፊልሙ ለሚታይበት መጋረጃ ፋብሪካችን የሠራውን አቡጀዲ ወጥረው፣ እኛን የፊት ወንበር ላይ አስቀመጡን።

ፊልሙ ያምራል፤ የማያምር ነገር የለውም። ሰልጣኞቹ በአንድ እግር ይረግጣሉ፤ ጫማቸው ያብረቀርቃል። አንዱም አያልበውም። አውሮፕላኖቹ ከተራራ ጀርባ ብቅ ይሉና በራሳችን ላይ ያለፉ ያህል አዳራሹን ያናውጡታል፤ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ አጎንብሰዋል። ከበሮና መለከት ሳያቋርጥ ይሰማል። ከዚያ ወንድሜ መጣ። ሄልሜቱን በብብቱ ይዞ፣ ነፋስ ፀጉሩን እያነሣው፣ ወደ አንድ ጄት ይራመዳል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያን ጊዜ የተሰማኝን በሌላ ቃል አላሳምረውም፤ አንጀቴ አረረ። እኔ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆሜ የተበጠሰ ክር ስቀጥል እውላለሁ። የጥጥ ብናኝ ሽፋሽፍቴ ላይ ይከመራል፣ ጆሮዬ ከማሽኑ ጩኸት የተነሣ ቤት ገብቼም ይጮኻል። ያንን ማን ፊልም ያነሣዋል? ፊልሙ የታየበትን አቡጀዲ የፈተልነው እኛ ነን፤ አጨብጭቡልን ያለ ግን የለም።

ቀጥሎ የመጣው እናቴን ያገኛት ነው። ሥዕሉ ተለወጠና አንድ ሳሎን ታየ፤ ሶፋ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ ግድግዳው ላይ የመሪው ፎቶግራፍ። አንዲት ወፍራም፣ ቀይ፣ ጥርሰ መልካም ሴት ጥበብ ለብሳ ተቀምጣለች። ወንድሜ ገባ፣ ተንበረከከ፣ ጉልበቷን ሳመ። እጇን ራሱ ላይ አድርጋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። የምትለው ግን አይሰማም፤ የተራኪው ድምፅ ሸፍኖታል። «አብዮታዊት እናት ልጇን ለእናት አገሩ መርቃ ትሸኛለች» ይላል። ሴትዮዋ በመጨረሻ እንትፍ አለችበት። አዳራሹ እንደገና አጨበጨበ።

እናቴን አየኋት። እጇ ጉልበቷ ላይ እንደ ነበረ ነው።

መብራት ሲበራ አጠገቤ የነበሩት ሐረርጌ ያደጉት ጎረቤታችን ወደ እናቴ ዘንበል አሉ። «ለካ እርስዎ አሳዳጊው ኖረዋል» አሏት፣ በሐዘኔታ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ በሩ ሄደች። በማግሥቱ ወሬው ግቢውን አዳረሰው። የመንግሥት ፊልም እናት ፈጥሮ ያሳያል ብሎ የሚያስብ ሰው ያን ጊዜ አልነበረም፤ የምታዩት እውነት ነው፣ አለቀ። ስለዚህ የልጁ ወላጅ አየር ኃይሉ ባለበት ደብረ ዘይት የምትኖር የባለሥልጣን ሚስት ነች፣ የእኔ እናት ሞግዚቱ ነበረች፣ ሲሄድ ያልመረቀችውም ለዚህ ነው ተባለ። ሁሉም ነገር ገጠመላቸው። ጎረቤታችን ሊያጽናኑ አንድ ሰሃን ሐልዋ ይዘው መጡ። «አይዘኑ፣ አሳዳጊም እናት ናት እኮ» ሲሉ እናቴ ሐልዋውን ተቀብላ አመሰገነች፤ እሳቸው ከወጡ በኋላ ለግቢው ውሻ ሰጠችው።

ቅናትን ከማን እንደ ወረስሁት ያወቅሁት በዚያ ሰሞን ነው። ጠዋት ገና ዓይኔን ሳልገልጥ «እጇ ላይ ያለው አምባር ወርቅ ነው?» ትለኛለች። ማታ ከሥራ ስገባ «ጥርሷ የራሷ ይመስልሻል?» ትለኛለች። ፊልሙ ለሁለተኛ ጊዜ ቀበሌ ሲታይ አትሄድም ብዬ ነበር፤ ከሁሉ ቀድማ ሄደች። አውሮፕላኖቹ ሲመጡ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች፣ ሴትዮዋ ስትመጣ ገለጠች። ከንፈሯን ነበር የምታየው።

«ምን አለችው?» አለችኝ ወደ ቤት ስንመለስ።

«እኔ በምን አውቃለሁ፣ እማ?»

«አንች የተማርሽ አይደለሽም? ከንፈር ማየት አቃተሽ?»

«ትወና ነው። ምንም አላለችውም።»

«ከንፈሯ ረጅም ነገር ነው ያለው» አለች። ስለ እኔ መሄድ በዚያ ወራት አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ለፊልም ሴትዮ ያወጣችውን ሐሳብ ግማሹን ለእኔ ብታወጣልኝ ኖሮ ምን ነበረበት እያልሁ እነድ ነበር።

ወንድሜ ለዕረፍት የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ከስቷል፤ አንገቱ ወጥቷል፤ እንደ ፊልሙ አያብረቀርቅም። ምሳ እየበላን ስለ ፊልሙ ሲጠየቅ መጀመሪያ ሳቀ። ያንን ጄት ነክቶት እንኳ አያውቅም ነበር፤ ገና በትንሿ መለማመጃ አውሮፕላን ላይ ነው። ሄልሜቱ የአስተማሪው ነው፣ ራሱ ላይ ቢያደርገው ስለሚሰምጥበት በብብትህ ያዘው አሉት። ነፋሱም ቢሆን ከኋላ የቆመ የሌላ አውሮፕላን ነፋስ ነው። ሥልጠናው ራሱ ምን እንደሚመስል ነገረን፤ አብዛኛው ቀን ጥቁር ሰሌዳ ፊት መቀመጥ ነው፣ ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይንን ጨፍኖ ቁልፎቹን በእጅ መፈለግ። መጀመሪያ ወደ ሰማይ የወጣ ቀን አስታውኮ፣ ሲወርድ መቀመጫውን ራሱ አጥቧል። ሲፈራ ምላሱ እንደሚደርቅ፣ በሬዲዮ ሲጠሩት መልስ እንደሚጠፋው ነገረን። ይኼን ሲናገር ዓይኑ ሳህኑ ላይ ነበር። ከዚህ አንዱም ፊልሙ ውስጥ የለም።

እናቴ ይኼን ሁሉ አልሰማችም። «ሴትዮዋስ?» አለች።

«የትኛዋ?»

«ጉልበቷን የሳምኻት።»

ወንድሜ ጉርሻውን መለሰው። «ለፊልሙ ያመጧት ናት፣ እማ። ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። ቤቱም የእሷ አይደለም።»

«ምን ብላ መረቀችህ?»

«አገርህን አደራ በይው ብለዋት ነበር። ደጋግመው አስባሏት፣ አላምር አላቸው። በመጨረሻ መብራቱ ሲያቃጥላት ይሁን ምን ይሁን የተሰጣት ቃል ጠፋባት። እሾህ አይውጋህ፣ ክፉ አይይህ፣ ወጥተህ ግባ እያለች ቀጠለች፤ አለቀሰች። የራሷ ልጅ ኤርትራ ግንባር ነው አሉ። አዘጋጁ በጣም ወደደው፤ ቃሉ ግን ስለማይሆን ድምፁን ሸፈኑት።»

እናቴ እንጀራውን ከፊቷ ገፋ አደረገች። ወንድሜ ያዘነች መስሎት እጇን ሊይዝ ነበር። እኔ ግን አውቃታለሁ፤ ቅናት ነው። ሐሰት መስሏት የቆየው ምርቃት እውነተኛ ሆኖ አገኘችው። ሌላ ሴት ቀድማ በእውነተኛ እንባ ልጇን መርቃባታለች።

«ተነሥ» አለችው። «እጅህን ታጠብና ና።»

ተንበረከከ። ነጠላዋን ከጉልበቷ ላይ ገለጠች። ከዚያ ጀመረች፤ እንዲህ ስትመርቅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። የወጣህበት ሰማይ ያውርድህ፣ የምትይዘው ብረት ይታዘዝህ፣ ጠላትህ አይይህ፣ ያየህም ይርሳህ። ያቺ ሴትዮ ያለችውን ሁሉ አለች፤ ያላለችውንም ጨመረች። ጎረቤቶች ድምፅ ሰምተው በር ላይ ተሰበሰቡ፤ እሷም ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ሐረርጌዋ ሴትዮ ሳይቀሩ አሜን አሜን ይሉ ነበር። በመጨረሻ እንትፍ እንትፍ አለችበት።

እሱ ሲነሣ እኔ ተንበረከክሁ። አልተጠራሁም። ቀጣዩ ዙር በሚመጣው ወር እንደሆነ ታውቃለች፤ እሱን ከመረቀች ደግሞ ተራው የእኔ ነው፤ ራሷ ያለችው ቃል ነው። ጉልበቷን ሳምሁ። ላብና ቅባት ይሸታል። እጇን ራሴ ላይ አሳረፈች።

«አንችማ የት ትሄጃለሽ፣ ልጄ» አለች። «አንችን ከሰደድሁ እኔ ምን ላይ ልቀመጥ?»

በር ላይ ያሉት ሴቶች «ውይ፣ ስትወዳት» አሉ። እጇ ፀጉሬን ዳበስ ዳበስ አደረገና ተነሣ። ተነሥቼ ሳህኖቹን ሰበሰብሁ።

ወደ ማታ ወንድሜ ወደ ሐይቁ ዳር እንውጣ አለኝ። ደንገል የጫኑ ታንኳዎች ወደ ዳር እየተጠጉ ነበር። እሱ ጫማውን አውልቆ እግሩን ውኃው ውስጥ ከተተ፤ ነገ በአውቶቡስ ይመለሳል።

«ታውቂያለሽ፣ እትዬ» አለኝ በኋላ። «እኔ ሁልጊዜ በአንች እቀና ነበር። እኔን መርቃ ላከችኝ፣ አንችን ግን መላክ አልቻለችም። የተወደደው ማን ነው?»

በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ ነበር። ስምንት ሰዓት ቆሜ ያስተማርሁት ልጅ፣ ሰው ሁሉ ያጨበጨበለት ልጅ፣ ጭራሽ ቅናቴን ራሱ ሊወስድብኝ መጣ።

«እንግዲያው እንቀያየር» አልሁት። «አንተ ከእሷ ጋር ቅር። ፋብሪካው ውስጥ ሥራ አስገባሃለሁ። እኔ ልሂድ።»

ሳቀ። አለመሳቄን ሲያይ ተወው። እግሩን ከውኃው አወጣና ካልሲውን መፈለግ ጀመረ። እሺ ቢለኝ ኖሮ የዚያኑ ምሽት ሻንጣዬን አዘጋጅ ነበር፤ ከልቤ ነው ያልሁት፣ እሱም ገብቶታል።

«አሁንማ አይሆንም፣ እትዬ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን ከካልሲው ሳያነሣ። «መርቃኛለች እኮ።»