በየቅዳሜው ሲወራልኝ የነበረው ሸክላ

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰይድ ሱቅ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። ሰይድ ሬዲዮና ስልክ ከሚጠግንበት ባንኮኒ ኋላ ቆሟል። ነርሷ ሲስተር ዘሃራ ነጭ ጋዋኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ በሩን ተደግፋለች። ጡረተኛው መምህር ጌታሁን እንደ ወትሮው ከሸክላ ማጫወቻው አጠገብ ነው፤ መርፌውን ከእሱ በቀር የሚነካ የለም። ከከላላ የመጣው እንግዳ ነጂብ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ከመደርደሪያው ሥር ቆሟል። እኔ በሱቁ ባለችው አንዲት ወንበር ተቀምጫለሁ።

ይህ የሆነው ባለፈው ጥቅምት ነው። ማን የት እንደቆመ እስካሁን አልረሳሁም። ነገሩ ስለ ሸክላው ብቻ ቢሆን ይህን ባልጻፍኩ። የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ።

መካነ ሰላም ውስጥ ጃዝ የምንወድ ጥቂት ሰዎች አለን። ቅዳሜ ገበያው ሲበተን ሰይድ ሱቅ እንገናኝና ሰሞኑን ምን አልበም እየሰማን እንደሆነ በየተራ እንናገራለን። አንዱ ከስልኩ፣ አንዱ ከካሴት፣ አንዱ ከሸክላ የሰማውን ያወራል። ለሌላ ሰው ሥራ መፍታት ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ከታይፒስትነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሳምንቱን የምቆጥረው በዚያ ነበር።

ባለቤቴ አበራ የመንገድ ሥራ ሾፌር ነበር። ሲሞት ከተረፉት ነገሮች አንዱ የትራምፔት ሸክላ ነው። የእኔ ማጫወቻ ሞተሩ ሲቃጠል ሰይድ መለዋወጫ ፈልጎ አጣ። አቧራ ለብሶ ከሚቀመጥ ብዬ ሸክላውን ለጌታሁን በአደራ ሰጠሁት። ጌታሁን የአበራ የልብ ጓደኛ ነው፤ እኛ ቤት ተቀምጦ ስንት ጊዜ ሰምቶታል።

መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ጊዜ ሱቁ ድረስ አምጥቶ አሰምቶኛል። በኋላ ግን "እየተጫረ ነው፣ በመንገድ ባይንገላታ ይሻላል፤ እኔ ስሰማው አንቺ እንደሰማሽ ቁጠሪው" አለኝ። አመንኩት።

ከዚያ ወዲህ ተራው ሲደርስ፣ ሌላ ሌላውን ከተናገረ በኋላ፣ "የአስካለን ሸክላም ሰምቻለሁ" ይለኛል። አንድ ቅዳሜ ስለ ባሱ፣ አንድ ቅዳሜ ስለ ከበሮው ይተርክልኛል። ሁለተኛው ገጽ ላይ መርፌው የሚዘልበት ቦታ ነበር። "አሁንም ይዘላል?" እለዋለሁ። "ይዘላል፣ እዚያችው ቦታ" ይለኛል። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

በዚያ ቅዳሜ የጀመረችው ሲስተር ዘሃራ ናት። ፒያኖ ብቻ ያለበት አልበም በስልኳ እየሰማች እንደሆነ ነገረችን።

"መርፌ ወጊ ሆነሽ ፒያኖ ብቻ?" አላት ሰይድ። "በሽተኛው ሳያውቀው እንዲወጋ ነው?"

"አንተ የምትሰማውን ሳክስፎን ከሰማ ደግሞ ደህናውም ይታመማል" አለችው።

ሳቅን። እኔ ያንኑ የድሮ ካሴቴን ተናገርኩ። ጌታሁን በበኩሉ ከዚያ በፊት አምጥቶት የማያውቅ ሸክላ አስጀመረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲፈልገው የኖረ እንደሆነና ከእንግዲህ ሌላ ባይሰማም ግድ እንደሌለው ነገረን። ከየት እንዳገኘው አልተናገረም።

ቀጥሎ የእንግዳው ተራ ሆነ። ነጂብ ከዓረብ አገር የተመለሰ ልጅ ነው፤ ያሉትን ጥቂት ሸክላዎች ያመጣው ከዚያ ነው።

"እኔስ ወላሂ ጋሼ ጌታሁን በልውውጥ የሰጡኝን ነው የምሰማው፣ ሌላ አልነካሁም" አለ።

ጌታሁን ጎንበስ ብሎ የማጫወቻውን ድምፅ ከፍ አደረገ። ነጂብ ደግሞ ከሙዚቃው በላይ መናገር ጀመረ። ከቦርሳው ሸክላውን አውጥቶ የሽፋኑን ጀርባ አሳየን።

"እዚህ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ አለ፤ ሦስተኛው ዜማ አጠገብ። 'የአስካለ' ይላል። እኔም ከሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። አስካለ ማን እንደሆነች ጋሼን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።"

ጽሑፉ የአበራ ነው። ሰይድ "ያ አላህ" አለና ወደ እኔ ዞረ።

"እኔ ነኝ" አልኩት። "መቼ ነው የተለዋወጣችሁት?"

"ከረመዳን በፊት፣ ጋሼ ለለቅሶ ከላላ የመጡ ጊዜ" አለኝ። ድምፁ ቀነሰ።

ስምንት ወር ነው። ጌታሁንን አየሁት።

"ባለፈው ቅዳሜ ይዘላል ብለኸኛል" አልኩት።

"እንዳይከፋሽ ብዬ ነው፣ አስካለ። አበራ ቢኖር ይፈቅድልኝ ነበር። ይህንን ሸክላ እንዴት እንደምፈልገው እሱ ያውቃል።"

"እኔስ ነበርኩ" አልኩት። "ለምን አልጠየቅከኝም?"



ነጂብ መሀል ገባ። "ቀላል ነው፣ ጋሼ። የኔን ይመልሱልኝና እታለም የራሳቸውን ይውሰዱ። ወላሂ አላወቅኩም።"

የነጂብ የነበረው ሸክላ ማጫወቻው ላይ ይዞራል። ሁላችንም የጌታሁንን እጅ ጠበቅን። እጁን የማጫወቻው ክዳን ላይ አሳረፈ።

"ገጹ ይለቅ እስኪ" አለ።

በእኛ ዘንድ የተጀመረ ገጽ መሀል ላይ አይቋረጥም፤ ነውር ነው።

"ሲያልቅስ?" አለችው ዘሃራ።

"ሲያልቅ እናያለን።"

ነጂብ ሸክላዬን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። ልጁ የራሱን ሰጥቶ የወሰደው ነውና ከእጁ አልቀበልም አልኩ። "ያንተን ሲመልስልህ ታመጣልኛለህ" አልኩት። ሙዚቃው ገና አላለቀም።

ተነሳሁ። ዘሃራ ከበሩ ገለል አለችልኝ። "ደህና ዋሉ" ብዬ ወጣሁ።