ዳግም የማይረሳ ኮምፒውተር

እንግዳው አውቶቡሱ ቆቦ ላይ ቢበላሽበት ጥላ ፍለጋ ወደ ፍሬዓለም ፎቶ ኮፒ ቤት ገባ። በዚያ ሐሩር እንኳ የሱፍ ሹራቡን አላወለቀም። የፍሬዓለምን ኮምፒውተር ሲነካካ መምህር አላምረው ጥግ ቆሞ በቅናት ያየዋል። ኮምፒውተሯ ግሎ እንዳይጠፋ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚቀንስላት እሱ ነበር፤ ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ሊኑክስ ግን ጠፍቶ በበራ ቁጥር ቅንብሩን ስለሚረሳው በየማለዳው ለመምጣት ሰበብ ያገኛል። እንግዳው ግን ኮምፒውተሩ ሲነሳ ፍጥነቱን ራሱ እንዲቀንስ አደረገው። አጥፍቶ አበራው፤ አልረሳም።

«እርስዎም ቤት ኮምፒውተር አለ?» አለች ፍሬዓለም።

«ነበር። ባለቤቴን ነገ አስተካክልልሻለሁ እያልኩ ሳልሠራላት ሞተችብኝ» አለና በአንገቱ ክር ያንጠለጠለውን ቀለበት ሹራቡ ውስጥ ከተተው።

የተጠገነው አውቶቡስ ጥሩምባ ሲጠራው ወጣ።

«በል እንግዲህ፣ በጠዋት መመላለሱ ቀረልህ» አለችው ፍሬዓለም አላምረውን፣ ደስ ብሏት።

አላምረው ከአውቶቡሱ አቧራ ዓይኑን ሳይነቅል «ቀረልኝ» አለ።