ሉመን የገባኝ ቡና አልጋ ላይ ነው

በ2016 ዓ.ም. ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው። ባለቤቴ ከእኔ በኋላ ጀምራ ከእኔ በፊት መጽሐፍ ቅዱስን ዳር እስከ ዳር አንብባ ጨርሳለች። ይሄን በመንደራችን በዱመርሶ የማያውቅ የለም፤ እሷው ስትነግራቸው ነው የኖረችው።

የዚያን ዓመት ኅዳር ላይ ቤተ ክርስቲያናችን ፕሮጀክተር ገዛች። የመዝሙሩን ቃል በብርሃን ግድግዳ ላይ የሚያወጣ ማሽን ነው። የአዳራሽ ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለነበርኩ፣ የት ይቀመጥ የሚለው ነገር እኔ ዘንድ መጣ። አጥብቄ የያዝኩት ግን ለባለቤቴ ብዬ ነው። ዓይኗ ደክሟል። የመዝሙር ደብተር አፍንጫዋ ላይ ብታስጠጋውም አይታያትም። በእናቶች መዘምራን የፊት ረድፍ ላይ ሃያ ዓመት ቆማለች፤ ለምሥረታው በዓል እሑድ ደግሞ ስድስት አንቀጽ ያለው አዲስ መዝሙር ነበራቸው።

«ግድግዳው ከተነበበልኝ እቆማለሁ» አለችኝ። «ካልተነበበልኝ ዝም ብዬ አፌን እየከፈትኩ አልዘጋም። ኋላ ሄጄ እቀመጣለሁ።»

ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት።

ማሽኑን ከዲላ መርጣ ያመጣችልን፣ ፊዚክስ የምታስተምር የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ናት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ውስጥ ካርቶኑን ከፍታ ስታስረዳን ቃሉ እንደ ክረምት ዝናብ ወረደብን። ሉመን፣ ኮንትራስት፣ ሪዞሉሽን፣ ኪስቶን። እኔ ራሴን እየነቀነቅኩ እሰማለሁ፤ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ደግሞ እኔን እያዩ ይነቀንቃሉ።

«አባባ፣ ገባዎት?» አለችኝ።

«ያልገባኝ ነገር የለም» አልኳት።

ሉመን የብርሃን መጠን ነው ብላለች። ይሄኛው ሦስት ሺህ አለው ስትል፣ ሦስት ሺህ የሆነ ነገር ለአንድ ግድግዳ መቼም አያንስም አልኩ በሆዴ። እሷ ማሽኑ ወደ ግድግዳው ቀረብ ብሎ፣ ምስሉ አነስ ብሎ ይሁን አለች። እኔ እምቢ አልኩ። ዓይኗ ለደከመ ሰው ፊደሉ መተለቅ አለበት፤ ስለዚህ ማሽኑ መጨረሻው ወንበር ጋ ሄዶ ምስሉ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ይሙላው አልኩ። በሰፋ ቁጥር ይደበዝዛል ብላ ልታስረዳኝ ሞከረች። ፊደል ሲተልቅ የት አባቱ ይጠፋል ብዬ ዘጋኋት። እሷም እሺ አለች። ያ እሺታ ደስ ሊያሰኘኝ አይገባም ነበር።

ዓርብ ጠዋት በአራት ሰዓት፣ ልክ አምልኮ በሚሆንበት ሰዓት ሞከርነው። አዳራሻችን በሁለቱም ጎን ሰፋፊ መስኮት አለው። ፊደሎቹ ፍየል ፍየል ያህላሉ፤ ግን ማንም አላያቸውም።

«የቱ ጋ ነው የተጻፈው?» አለች ባለቤቴ።

«ፊትሽ ነው።»

«ፊቴ ያለው ግድግዳ ነው።»

ምስሉም ከላይ ሰፍቶ ከታች ጠቦ ቅርጫት መስሏል። መምህርቷ ይሄ ኪስቶን የሚባለው ነው፣ ማሽኑ ዝቅ ብሎ ሽቅብ ስለሚያይ ነው አለች። አንዱ ሽማግሌ ግድግዳው ጠማማ ይሆናል አለ። ግድግዳውን ያስገነባሁት እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ማሽኑን ወደፊት አምጡት ብል ያልቅ ነበር። እኔ ግን ከምሠራበት የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ጆንያ አስመጣሁና መስኮቶቹን በሙሉ በሚስማር ዘጋሁ። እውነቱን ለመናገር ምስሉ ብቅ ብሏል። ሰዉ ግን መጽሐፍ ቅዱሱን ማንበብ አልቻለም፣ ሙቀቱ አፈነን፣ የጆንያው አቧራ እናቶችን አስነጠሳቸው።

«በዓል ልታከብር ነው» አለችኝ ባለቤቴ፣ «ወይስ ከቡናው ጋር ልትጭነን?»

እንግዲያው ኋላ የምቀመጥበትን ቦታ አሳየኝ ብላ ወጣች። ስትቀልድ አልነበረም። ቤት ገብታም የመዝሙሩን ነገር አላነሳችም፤ ሁልጊዜ ወጥ ስትሠራ የምታንጎራጉረዋ ሴት ያን ቀን ዝም ብላ ሠራች።

ቅዳሜ ጠዋት ጣቢያ ገባሁ። እኔ የማድረቂያ አልጋዎች ኃላፊ ነኝ። አልጋ የምንለው በእንጨት እግር ላይ የተዘረጋ ሽቦ ነው፤ የታጠበው ቡና እዚያ ላይ ይሰጣል። አልጋ አጥሮን ሳለ፣ አንዷ ሠራተኛ የአንድ አልጋ ቡና ሁለት አልጋ ላይ አስጥታ አየኋት። ቡናው ሳስቶ ሽቦው ወለል ብሎ ይታያል።

«ያንኑ ቡና ሁለት ቦታ ስትበትኚው የሚታየኝ ቡናው ነው ሽቦው?» አልኳት።

ይሄን ብዬ አፌ እንደተከፈተ ቀረሁ። ቡናው ብርሃኑ ነው። ሦስት ሺውን ሉመን ግድግዳ ሙሉ በትኜው የቀረልኝ ግድግዳው ነው። ኮንትራስትም እዚያው ቆሜ ገባኝ። እርጥቡን ቡና ጥላ ሥር የምንለቅመው ጥቁሩ ፍሬ ከነጩ ተለይቶ እንዲታይ ነው፤ ፀሐይ ሲያንጸባርቅበት ሁሉም አንድ ይሆናል። የመስኮቱ ብርሃን ጥቁሩን ፊደል አጥቦብኝ ኖሯል።

ማወቁ ቀላል ነው። መምህርቷ ቤት መሄዱ ነው ያስቸገረኝ። ፈተና ስታርም አገኘኋት።

«ያልገባኝ ነገር ነበር» አልኳት።

«የቱ፣ አባባ?»

«ሁሉም።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች እንጂ አልሳቀችም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። የሳቀችው እኔ በቡና ሳስረዳት ነው። ሪዞሉሽን ምስሉን የሚሠሩት ነጥቦች ብዛት ነው ስትለኝ፣ እንግዲያው የሽቦው ቀዳዳ ነዋ፣ ሲደቅ ነው ጠርዙ የሚያምረው አልኳት። ከሰዓት በኋላ አብረን ማሽኑን ወደፊት አመጣነው፣ ግድግዳውን ቀጥ ብሎ እንዲያይ ከፍ አደረግነው። ጆንያውንም ግድግዳው አጠገብ ካሉት ሁለት መስኮቶች በቀር ነቀልነው። ምስሉ ከአንድ በር ብዙም አይበልጥም።

ባለቤቴን ጠራኋት። የፊት ረድፍ ቦታዋ ላይ ቆመች። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ተከተለችው።

«ሦስተኛው አንቀጽ እኛ የምንዘምረው እንዲህ አይደለም፤ አንድ መስመር ተዘሏል» አለች።

«ታየሽ ማለት ነው?»

«ታየኝ። ያንተም እጅ ግድግዳው ላይ ይታያል። አንሳው።»

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ አዳራሽ ገባሁና፣ ማሽኑ ያለበትን ጠረጴዛ ማንም እንዳይነካብኝ አጠገቡ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ያ ግድግዳዬን ጠማማ ያለው ሽማግሌ መጥቶ፣ ምስሉ ትንሽ ሰፋ ቢል አይሻልም ወይ አለኝ። ቁጭ በል አልኩትና ከሉመን ጀመርኩለት፤ እናቶች ሊዘምሩ እስኪነሡ ድረስ አልለቀቅኩትም።