የመለከት አበባውና የአዴ ፋጡማ ወተት

ሰሞኑን ጎረቤቴ ከመለከት አበባዬ አንድ ቅርንጫፍ እንድቆርጥላት ብትጠይቀኝ፣ ፍየል አላት ወይ፣ ልጆቿስ ቅጠል አፋቸው ውስጥ ይከታሉ ወይ እያልኩ አፋጠጥኳት። «አበባ እኮ ነው የጠየቅኩሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ግን እኔ አንዴ ደንግጫለሁ።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ፈላና በር በሚባለው የድሮ የከተማ ግንብ በር አጠገብ ባለው ግቢያችን የእናቴ መለከት አበባ ከአጥሩ በላይ አድጎ፣ ረጃጅም ነጫጭ አበቦቹን ቁልቁል አንጠልጥሎ፣ ሲመሻሽ ሰፈሩን ያውደው ነበር። አንድ የጥቅምት ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ከርክሚው አለችኝ። የቆረጥኩትን የት እንደምጥል ሳስብ ከከተማው ውጭ ካለው ገጠር፣ ከድሬ ጠያራ ወተት የሚያመጡልን አዴ ፋጡማ ደረሱ። የላማቸውን ወተት ለኛ ይሸጣሉ፤ የፍየላቸውን ግን ለልጅ ልጃቸው ያስቀራሉ። የልጃቸው ጡት ደርቆ ሕፃኑ የሚያድገው በፍየሏ ወተት ነበር። ሁልጊዜ የጎመን ቅጠልና የድንች ልጣጭ ለፍየሏ እናጠራቅምላቸዋለን። ያን ቀን ደግሞ ቅርንጫፉን በሙሉ አስታቅፌ ሸኘኋቸው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ የእርሻ አስተማሪ የነበሩት አጎቴ መጡና ቅርንጫፉ የት እንደገባ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄ ተክል መርዛም ነው፤ አገሩም ደቡብ አሜሪካ ነው። ከደጅ ደጅ ቅርንጫፉን እየተቀባበሉ ያባዙት የዚያው ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ መርዙንም ያውቁታል። ፍየሏ ግን የት ታውቃለች?»

«ወተቷስ?» አልኩ።

«እኔ እንጃ።»

ያቺ «እኔ እንጃ» ናት ነጠላ እንኳ ሳልደርብ ያስወጣችኝ። የድሬ ጠያራን መንገድ ግማሹን ሮጥኩት። ከአንድ ማሳ ዳር የማሽላ እሸት ጥብስ ይሸታል፤ ሌላ ቀን ቢሆን ቆሜ እለምን ነበር። ያን ቀን ግን ሕፃኑ አረፋ ደፍቆ ነበር የሚታየኝ። ምን ብዬ ነው እናቱ ፊት የምቆመው?

ቤታቸው ስደርስ ሕፃኑ እናቱ ጀርባ ላይ ተኝቷል፤ ፍየሏም ታስራ ታመሰኳለች።

«ቅጠሉን በላችው?» አልኳቸው አዴ ፋጡማን።

«የማላውቀውን ቅጠል? ወላሂ ለፍየሌ አልሰጥም። ገደል ከተትኩት።»

«ታዲያ ለምን ተቀበሉኝ?»

«በደስታ ስትሰጪኝ እንዴት እምቢ ልበልሽ ልጄ?»

መርዝ መሆኑን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ አለፈ» ብለው፣ ደክሞሻል ጠጪ እያሉ የፍየሏን ወተት በኩባያ ሰጡኝ። ፍየሏ ቅጠሉን ቀምሳ ቢሆንስ ብዬ ኩባያውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ጾም ነኝ» አልኩ።

ወተት ሻጭ ናቸውና የጾማችንን ቀን ከኛ የበለጠ ያውቃሉ። «ዛሬ ቅዳሜ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ኩባያውን ተቀበሉኝና «ቢስሚላህ» ብለው እያየኋቸው አንዴ ተጎንጭተው መለሱልኝ። ፊቴ እየነደደ ጠጣሁት።

ዛሬ የፍየሏን ነገር እየሳቅኩ አወራዋለሁ። የወተቱን ግን ለማንም አውርቼ አላውቅም። መርዙን ያስታቀፍኳቸው እኔ፣ የእጃቸውን የጠረጠርኩትም እኔ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በራችን ድረስ ሲመጡ ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ኖርኩ። ስለ ቅጠሉ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ስለ ወተቱ ሳልጠይቃቸው ሞቱ።