የፊተኛው ወንበር ነዋሪ

በንቲ ገዳ በስድስት ዓመት ውስጥ በወረዳው አዳራሽ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ወረዳውም በስድስት ዓመት ውስጥ ያለ በንቲ አንድ ስብሰባ አድርጎ አያውቅም።

ነገሩን ያመጣው መልኩ ነው። በንቲ ረጅም ነው፤ ጺሙ ነጭ ነው፤ ቡናማ ባርኔጣውን ወደ ግራ ጆሮው ዘንበል አድርጎ፣ ከዘራውን በጉልበቶቹ መካከል ተክሎ ሲቀመጥ፣ መድረኩ ላይ ያለው ሰው ምንም ቢል ቁም ነገር የተናገረ ይመስላል። በዚያ ላይ ራሱን ይነቀንቃል። ስለ ጎርፍ ሲነገር ይነቀንቃል፣ ስለ ደረቅ ቆሻሻ ሲነገር ይነቀንቃል፣ ማይክሮፎኑ ተበላሽቶ ምንም በማይሰማበት ሰዓት ሳይቀር ይነቀንቃል።

ይህን አንገት ያገኘችው ቤተልሄም ናት። ቤተልሄም የወረዳው የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ስትሆን፣ ሥራዋ ወረዳው የዋለበትን ሁሉ በየቀኑ በፌስቡክና በቴሌግራም ገጹ ላይ ማውጣት ነው፤ የተጠረገ ቦይ፣ የተተከለ ችግኝ፣ የተሰበሰበ ሕዝብ። ቦዩና ችግኙ አያስቸግሯትም። ሕዝቡ ግን ያዛጋል፣ ስልኩን ይነካካል፣ ካሜራ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። በንቲ ብቻ እንደ ፉሪ ተራራ ፀጥ ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ በየስብሰባው ዋዜማ ትደውልለታለች።

«አባባ፣ ነገ ሦስት ሰዓት እንዳይቀሩ።»

«ስለ ምንድን ነው ልጄ?»

«ስለ... ቆይ ልየው። ስለ ወጣቶች ሥራ ፈጠራ።»

«እሺ። ባርኔጣዬን ላድርግ?»

«ባርኔጣውማ ዋናው ነው!»

በንቲም ይሄዳል። ቤቱ ከሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በአራት ፎቆች መካከል ተጨንቃ የቀረች ቆርቆሮ ጎጆ ናት፤ ከበረቷ ሁለት ላሞች ቀና ብለው በየሰገነቱ የተሰጣውን ልብስ ያያሉ። ጠዋት አልቦ፣ ወተቱን ጀሞ ኮንዶሚኒየም አድርሶ ከተመለሰ በኋላ ቀኑ ይረዝምበታል። ሚስቱ ገዲሴ ከሞተች ወዲህ ምሳ ማለት ቆሞ የሚበላ ነገር ሆኗል። አዳራሹ ውስጥ ግን ሰው ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣል፤ በመጨረሻም ለያንዳንዱ አንድ ዳቦና አንድ ውሃ ይታደላል። ዳቦ ከመቶ ሰው ጋር እኩል ሲገመጥ የሚያሰማው ድምፅ ምን ያህል እንደሚያምር፣ ብቻውን በልቶ የማያውቅ ሰው አይገባውም።

የራሱ ስልክ ፎቶ አያሳይም። ገጹ ላይ የሚወጣውን የሚነግረው ሀና ማርያም ታክሲ ተራ የሚያስከብረው ሁንዴሳ ነው።

«ኦቦ በንቲ! ትናንት የሴቶች ስብሰባ ላይ አየሁዎት!»

«ጠርተውኝ ነዋ።»

«ከፊት እኮ ነው የተቀመጡት! ከሥሩ ምን እንደሚል ላንብብልዎት? ‹ሴቶች በተሠሩ ሥራዎች መደሰታቸውን ገለጹ።›»

ታክሲ ሙሉ ሰው ሳቀ።

«እኔ ምንም አልገለጽኩም። ዳቦ እየበላሁ ነበር።»

«ዳቦውም ቢሆን የተሠራ ሥራ ነው!»

በአዳራሹ ውስጥ በንቲ አፉን ከፍቶ የሚያያት አንዲት ሴት አለች፤ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ወይዘሮ ሙሉመቤት። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ሰው ለመናገር ገና ከወንበሩ ብድግ ሲል «ስም! የአባት! የአያት! የቤት ቁጥር!» ትላለች። አንድ ጊዜ ከላይ የመጣ ትልቅ እንግዳ ስሙን ሳይናገር ንግግር ቢጀምር፣ «ያላስመዘገቡት ቃል አልተነገረም» ብላ ከመሃል አስቁማዋለች። የእሷ መዝገብ ስብሰባው ሲያልቅ ይፈረምበታል፣ ክብ ማህተም ያርፍበታል፣ ከዚያ በኋላ ሰማይ ቢወድቅ አይፋቅም። በንቲ ይህን ሁሉ ከፊተኛው ወንበር እያየ ይደነቃል፤ ለእሱ ይጠቅመኛል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም።

ወደ ተሾመች እንምጣ።

ተሾመች ጀሞ አራተኛ ፎቅ የምትኖር፣ ከትምህርት ቤት ጸሐፊነት ጡረታ የወጣች የወተት ደንበኛው ናት። ባለፈው ሁዳዴ ወተት የሚጠጣ ሰው ሲጠፋ ሌሎቹ ወተት ሻጮች አረፉ። በንቲ ግን ባዶ ጀሪካኑን ይዞ በየጠዋቱ አራቱን ፎቅ ይወጣ ነበር።

«ጾም እኮ ነው፤» አለችው ተሾመች በሩን ከፍታ።

«አውቃለሁ። የወተት ዕቃሽ መታጠቡን ልይ ብዬ ነው።»

ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ዕቃዋ መታጠቡን አየ። በፋሲካ ማግስት ተሾመች በሩ ላይ ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «አንተ ሰውዬ፣ የምትሸጠው ወተት አይደለም» አለችው። በንቲ ባርኔጣውን አወለቀ። ያን ቀን ወተቱ ደረጃው ላይ ተረስቶ ረጋ።

እንጋባ ሲላት እሺ ያለችው ግን ከነቅድመ ሁኔታው ነበር። «አሥራ አንድ ዓመት ከአንድ ሰው ጋር ያለ ወረቀት ኖሬያለሁ። ጥሎኝ ሲወጣ ‹ማን አገባሽ?› አለኝ። የሌላውን ሰው ወረቀት ሁሉ ስተይብ የኖርኩ ሴት፣ የራሴን ፈልጌ የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም! አሁን እህቴ ደብረ ብርሃን ነይና አብረን እንኑር ትለኛለች። እስከ ቅበላ ከወረዳ ተፈራርመን ከሆነ እዚህ ነኝ። ካልሆነ ቤቱን አከራይቼ እሄዳለሁ። ወተቱን ለጎረቤቴ ታደርስላታለህ።»

ለመፈራረም መታወቂያ ያስፈልጋል። የበንቲ መታወቂያ ጊዜው ካለፈ አራት ዓመት ሆኖታል። ጥር እንደገባ መስኮት ቁጥር አራት ፊት ተሰለፈ።

መስኮቱ ውስጥ ያለው ሲራክ ትሁት ልጅ ነው። ስሙን ጽፎ ፈለገ፤ ፊደል ቀይሮ ፈለገ፤ ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«አባባ፣ ሲስተሙ አያውቅዎትም።»

«አንተስ?»

«እኔማ በደንብ አውቅዎታለሁ! ትናንት እንኳ አዳራሽ አይቼዎታለሁ።»

«ፋይሌስ?»

«ቢሮው ሲዛወር ያልተገኙ ፋይሎች አሉ። የእርስዎም ከነሱ ጋር ነው። እንደ አዲስ ነዋሪ እንመዘግብዎታለን፤ ችግር የለውም። ከዚህ በፊት ከነበሩበት ቦታ መሸኛ ብቻ ያምጡ።»

በንቲ ከዚህ በፊት የነበረበትን ቦታ አሰበ። የእናቱ ሆድ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እዚሁ ነው፤ ይህ ሕንጻ የቆመበት መሬት የአባቱ የገብስ ማሳ ነበር፤ መስኮት ቁጥር አራት ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ፣ በልጅነቱ ጥጃ ጠፍቶበት የተገረፈበት ጉድባ ነበር።

«ልጄ፣» አለ ረጋ ብሎ፣ «እኔ ከየትም አልመጣሁም። የመጣችሁት እናንተ ናችሁ። እናንተ መሸኛ አላችሁ?»

ሰልፈኛው ሳቀ። ሲራክም ሳቀ። መሸኛው ግን አልቀረም።

ቤተልሄም ይህን ስትሰማ ተናደደች። «እንዴት ማስረጃ የለም ይባላል? ገጹን የሞሉት እርስዎ!» ብላ ኮምፒውተሯ ላይ ተቀመጠች። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ ተገኘ። በንቲ ችግኝ ሲተክል፤ በንቲ የጽዳት ዘመቻ ላይ መጥረጊያ ይዞ፤ በንቲ በወጣቶች መካከል፤ በንቲ ከእርግዝና ክትትል ግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ፊት ለፊት፣ ራሱን እየነቀነቀ። አትማ በፌስታል ሰጠችው።

ሲራክ አንድ በአንድ አገላበጠ። «እዚህች ላይ አምረዋል! ኧረ ይቺኛዋ...» ካለ በኋላ ፊቱ ቀስ እያለ ጠቆረ። «አባባ፣ ስምዎ ግን የት አለ?»

ከያንዳንዱ ፎቶ ሥር ያለው ጽሑፍ አንድ ነው፤ «ከተሳታፊዎች በከፊል»።

ከጎኑ የቆመችው ቤተልሄም ፊቷ በርበሬ መሰለ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ፎቶ አንስታው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ስሙን አልጻፈችም። በንቲ ፌስታሉን ይዞ ወደ ሀና ማርያም ሲመለስ በልቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመላለስ ነበር፦ እኔ በከፊል ነው እንዴ የኖርኩት?

ለተሾመች ሲነግራት መጀመሪያ እስክታለቅስ ሳቀች። ቀጥሎ ፎቶዎቹን ምንጣፏ ላይ ደረደረች። የእርግዝና ክትትል መድረኩን ፎቶ አንስታ ለብቻ አስቀመጠች።

«ያ የመስኮቱ ልጅ የሚያምነው ምንድን ነው?»

«ማህተም ያለበት ወረቀት ላይ የተጻፈ ስም።»

«በዚያ አዳራሽ ስም የሚጻፈው የማን ነው?»

«የሚናገር ሰው ነዋ።»

ተሾመች አየችው።

«ምን ብዬ እናገራለሁ?» አለ።

«ስምህን ነዋ! ከዚያ በላይ ምን አለህ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሲያልብ ተለማመደ። «ስሜ በንቲ ገዳ ቶሌራ እባላለሁ።» ታናሺቱ ላም ራሷን ነቀነቀች። ይህንንም ከእሱ ሳትማር አልቀረችም።

የግማሽ ዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ጥር ሃያ ሦስት ቀን ቀረበ። የወረዳው ምክትል ኃላፊ አቶ ኖላዊ አፈጻጸሙ ዘጠና ሰባት ነጥብ ሦስት በመቶ መሆኑን አበሰረ። ፀሐይዋ የአዳራሹን ቆርቆሮ ታንጫጫዋለች፤ ሕዝቡ ወደ ዳቦው ካርቶን በዓይኑ ይጠጋል። በንቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን አልነቀነቀም።

«ጥያቄ ወይም አስተያየት ያለው?» አለ አቶ ኖላዊ፣ እንደማይኖር ተማምኖ።

እጅ ወጣ። ቤተልሄም ካሜራዋ ከእጇ ሊያመልጣት ነበር። ከኋላ አንድ ሰው «ኧረ ይናገራሉ!» አለ።

«አባታችን! ዕድሉ የእርስዎ ነው፤» አለ አቶ ኖላዊ በደስታ።

«ስም! የአባት! የአያት! የቤት ቁጥር!» አለች ወይዘሮ ሙሉመቤት።

በንቲ ይህን ጩኸት እንደዚያን ቀን ወዶት አያውቅም። «ስሜ በንቲ ገዳ ቶሌራ እባላለሁ፤» አለና ጠበቃት። «ጻፍሽው?»

«ጽፌያለሁ፤ ይቀጥሉ።»

«የቤት ቁጥሬ ሦስት መቶ ስድስት። ጻፍሽው? የተወለድኩት እዚሁ ነው። የእናቴ ቤት መኪና የምታቆሙበት ቦታ ላይ ነበር። ከዚህ ወጥቼ ሌላ ቦታ ኖሬ አላውቅም፤ አንድ ጊዜ ሰበታ ለሠርግ ሄጄ አድሬያለሁ።»

«ሰበታው ይጻፍ?»

«እንደ ፈቀድሽ። ሚስቴ ገዲሴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ አላገባሁም። አላገባሁም የሚለውን ከሥሩ አስምሪበት።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አቶ ኖላዊ ማይክሮፎኑን መታ መታ አደረገ። «መልካም። ጥያቄዎ ምንድን ነው አባታችን?»

«ጥያቄ የለኝም።»

«አስተያየትዎስ?»

«ነዋሪ ነኝ፤» አለ በንቲ። «አስተያየቴ ይኸው ነው።»

አቶ ኖላዊ ሰዓቱን አየ። ዳቦው እየደረቀ ነበር። እንዲህ ያለ ጭንቅ ሲገጥመው ምላሱ በራሱ የሚሄድበት አንድ መንገድ አለ። «እንግዲህ የቀረበውን ሐሳብ የምትደግፉ?»

የሚደገፈው ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። እጅ እንደ ማሽላ ማሳ ብድግ አለ።

«የምትቃወሙ? ድምፀ ተአቅቦ?»

አንድም እጅ አልወጣም። ወይዘሮ ሙሉመቤት መነጽሯን አስተካክላ፣ የጻፈችውን ጮክ ብላ አነበበች፦ «አቶ በንቲ ገዳ ቶሌራ የቤት ቁጥር ሦስት መቶ ስድስት ነዋሪ ስለመሆናቸውና ያላገቡ ስለመሆናቸው፣ በአንድ መቶ አርባ ሦስት ድጋፍ፣ ያለ ተቃውሞና ያለ ድምፀ ተአቅቦ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

በንቲ ተቀመጠ። ያን ቀን ዳቦውን አልበላም፤ ለተሾመች ይዞላት ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ሲራክ ቃለ ጉባኤውን ሁለት ጊዜ አነበበ። ማህተሙን ወደ መብራት አንስቶ አየ። ከዚያ ብድግ ብሎ ቆመ።

«አባባ፣ እኔን ራሴን በዚህ ወረዳ ማንም በሙሉ ድምፅ አላጸደቀኝም፤» አለ።

መታወቂያው ሲሠራ ያስቸገረው ፎቶው ብቻ ነበር። ባርኔጣዎን ያውልቁ ተባለ፤ አወለቀ። ካሜራው ብልጭ ሊል ሲል ግን አንገቱ በልማዱ ነቀነቀ፤ ሦስት ጊዜ ብዥ ብሎ ወጣ። በአራተኛው ሲራክ ከኋላ መጥቶ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘለት።

ለቅበላ ሁለት ቀን ሲቀረው ተሾመችና በንቲ ተፈራረሙ። ተሾመች የምስክር ወረቀቱን ተቀብላ እያንዳንዱን ፊደል በጸሐፊ ዓይን አረመችና፣ አንድም ስህተት ስታጣ፣ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

ቤተልሄም ከፊታቸው ቆማ ፎቶ አነሳችና ስልኳን አወጣች። «አባባ፣ የዛሬውን ገጹ ላይ ላወጣው ነው። ከሥሩ ምን ልበል? ስምዎን ከነአያትዎ ጽፌያለሁ።»

«የቤት ቁጥሩንስ?»

«እሱንም።»

በንቲ ተሾመችን አያት። ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው የተለመደውን ጻፊ፤» አለ። «‹መደሰታቸውን ገለጹ› በይ።»