ሐረግ ፍለጋ፦ ከአብነት እስከ በርበሬ በረንዳ ማዶ

ንጋት 12 ሰዓት

ከአብነት ተነሣን። መርካቶ ቅርብ ናት የሚል ሰው በእግሩ ሞክሮ አያውቅም። እኔ ስነሣ ዐርባ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ስደርስ ሃምሳ ሁለት ሞላኝ።

እንግዳዬ ኢንግሪድ ትባላለች፤ ከኖርዌይ ናት። አስተርጓሚዋ ደግሞ እኔ፣ እግዜር ይርዳት። በመካከለኛው ዘመን የተሠሩ የአገሯን የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት ታጠናለች። በራቸው ላይ እንደኛ የብራና መጻሕፍት ጌጥ የተቀረጸ ሐረግ ይጠላለፋል። ሐረጉ ከየት ወደየት እንደተጓዘ የሚያሳየውን ካርታዋን ዘርግታ አሳየችኝ፤ ቀስቱ ሁሉ ወደ አገሯ ይገባል እንጂ የሚወጣ የለም።

"መምህሮቼ 'ሌላው ፈጠረ፣ እኛ ዳር ያለነው ቀዳን' ይላሉ። ስመለስ ፊታቸው ቆሜ ልከራከር ነው። ምን ብዬ እንደምጀምር ግን አላውቅም" አለች።

1 ሰዓት ተኩል

በርበሬ በረንዳ። የጆንያ ተራራ፣ ቀይ አቧራ፣ "ዞር በል ፋዘር!" የሚል ተሸካሚ። ኢንግሪድ አሥራ ሰባት ጊዜ አነጠሰች። አንዲት ነጋዴ "ይማርሽ" ማለት ታከታት፤ "ጋሼ፣ ሳትፈነዳ ያሳልፏት እንጂ!" አለችኝ። ትባረክ፣ ወደ ሐረግ ሣዩ የሚወስደውን መንገድም ያሳየችን እሷው ናት።

3 ሰዓት

ሐረግ ሣዩ ጋሼ ወልዴ ከአንድ የንዋየ ቅድሳት ሱቅ ጀርባ ብራና ላይ አጎንብሰዋል። ኢንግሪድ ጠየቀች፤ እኔ ተረጎምኩ፦

"ጋሼ፣ ሐረግዎ ከየት እንደመጣ ማወቅ ትፈልጋለች።"

ብዕራቸውን ጣሉ። "ዘሬን? ዘር ጠያቂ እዚህ አንሶ ነው ከፈረንጅ አገር ያስመጣኸው? ቀበሌ መታወቂያዬ ላይ ጽፎታል፤ ሄዳ ታንብብ! ውጡልኝ!"

"የብራናውን ሐረግ ነው፣ ጋሼ! የብራናውን!" ብዬ በማውቀው ታቦት ሁሉ ማልኩ። በአንዲት ቃል የሴትዮዋን ድካም ገደል ልከተው ነበር። ያዳነን ኢንግሪድ ያወጣችው ፎቶ ነው፦ የተቀረጸ የአገሯ በር፣ በሐረግ ተጠላልፎ ጅራቱን የሚነክስ አውሬ።

ጋሼ ወልዴ መነጽራቸውን ጠረጉ። "እንጨት ነው? እጃቸው ይባረክ!" ጣታቸው መስመሩን ተከተለች። "በዚህ ገባ... በዚህ ወጣ... ይቺን መታጠፊያስ አላውቃትም።" ብዕራቸውን አንሥተው ከነአውሬው እዚያው ብራናቸው ላይ ሳሏት።

"እርስዎስ ከማን ተማሩ?" አለች ኢንግሪድ።

"ከመምህሬ። አንዳንዷን ደግሞ ከዐረብ ሻሽ። ሐረግ አይደል? አጥር ሲያገኝ ይንጠላጠላል እንጂ ባለቤቱን ያስፈቅዳል?"

"የኛዎቹ ግን ቀጂ ናቸው ይባላል።"

"ቀጂ ቢሆኑ ይቺን መታጠፊያ ከየት አመጧት? ሃምሳ ዓመት ስስል አላየኋት!"

ይሄኔ አንዲት ገዢ ብቅ አለች። "ጋሼ፣ ይሄ አውሬ ከየት የመጣ ነው?"

ጋሼ ወልዴ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ "የጥንት ነው፤ የኛው" አሉ። ቀለሙ ገና እርጥብ ነው።

ይህችን እንኳ አንድ ቃል ሳልስት ተረጎምኩ። ኢንግሪድ ግድግዳ ተደግፋ እስኪያማት ሳቀች።

6 ሰዓት

አብነት ተመልሰናል። ካርታዋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በእያንዳንዱ ቀስት ጭራ ላይ ሌላ የቀስት ጫፍ ትስላለች፤ አሁን የሚገባው ሁሉ ይወጣልም። እኔም ለጋሼ ወልዴ ዕድሜ ይስጥልኝ እያልኩ ነው፤ ስሕተቴን ይቅር ብለው አስቀመጡን።

"እና ምን ብለሽ ልትጀምሪ ነው?" አልኳት።

"ቀለሙ ሳይደርቅ 'የኛው ነው' ያሉ ሽማግሌ አውቃለሁ ብዬ።"