በሐዲድ ቁራጭ ላይ የተቀጠቀጠ ሐብል

በ1978 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የእህቴ እጮኛ ከሰል ሊገዛ አዳማ ገበያ እንደወጣ በአፈሳ ተያዘ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ለሠርጋቸው የሚሆን ሐብል በግቢያችን ይሠራ ነበር። ከአሮጌ ኬብል ያወጣውን ወፍራም የመዳብ ሽቦ በፒንሳ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይጠመዝዝና በሐዲድ ቁራጭ ላይ አድርጎ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል። መዳብ ሲመታ ስለሚደርቅና ስለሚሰነጠቅ በየመሃሉ በከሰል እሳት ማጋል ነበረበት። ያን ጠዋት አንድ ጥምዝ ሲቀረው ከሰሉ አለቀ።

እናቴ ትቀልድበት ነበር። «ለሙሽራ ወርቅ ነው እንጂ ሽቦ ይታሰራል እንዴ?»

«ወርቅ ሌባ ይጠራል እማማ፤ ይሄን ማንም አይወስድባትም» ይላታል።

ከሰዓት በኋላ እኔና እህቴ የተያዙት ሰዎች ወደታጎሩበት የቀበሌ አዳራሽ ሄድን። ጥበቃው አላስገባንም። እሱ ግን በመስኮቱ ብረት መሃል አይቶን ጮኸ።

«የቀረውን ጥምዝ እሳት ሳታስነኪ እንዳትመቺው! ይሰነጠቅብሻል!»

«አልነካውም፤ መጥተህ ራስህ ትጨርሰዋለህ!» አለችው እህቴ።

ጥበቃው ሳቀ። «እህቴ፣ ዘማች ነው እኮ፤ አንጥረኛ መሰለሽ?»

ሰኞ ጠዋት በጭነት መኪና ወሰዷቸው። ደብዳቤ አልመጣም። ከአምስት ዓመት በኋላ ጦሩ ሲበተንም እሱ አልተመለሰም። መርዶ የነገረን ስለሌለ ድንኳን አልተጣለም፤ እህቴም ጥቁር አልለበሰችም። ጎረቤት ሁሉ ለዓመታት «አይዞሽ፣ ይመጣል» ይላት ነበር።

ሐብሉ እሷ ዘንድ ነው። የመጨረሻው ጥምዝ አልተቀጠቀጠም።